መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፦ በወረርሽኝ ጊዜ የሉፐስና የመሰል ሕመሞች ታማሚን በቤት ማስታመም

ይህ የተጻፈው ለአስታማሚ ነው። የሰውነት መከላከያው ጀርም ከመውጋት አልፎ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሰው ቤታችሁ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ሕመሙ ሉፐስ፣ ሰው «ቁርጥማት» የሚለው ሐኪም ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ብሎ የሚጽፈው የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ በኢንሱሊን የሚኖሩበት ስኳር ሊሆን ይችላል። ወረርሽኝ ሲገባ እንዲህ ያለው ሰው ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል፤ ተላላፊው በሽታና የመድኃኒት መቋረጥ። ሁሉም የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። በር አንኳኩቶ ቀድሞ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ክትትል ይራዘማል፣ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ይሆናል። በ2012 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮሮና ያድናል ተብሎ በየአገሩ ሲሸመት፣ ለዓመታት በእሱ የኖሩ የሉፐስ ሕመምተኞች ክኒኑን አጡ። በኋላ ትልልቅ ጥናቶች ለኮሮና እንደማይጠቅም አሳዩ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከወረቀትና ከክኒን ይጀምራል፤ ከዚያ ነው ወደ ጭምብልና ወደ ሳሙና የሚሄደው።

1. አንድ ገጽ ወረቀት

በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ በጉልህ ጻፉ። የሕመሙን ስም፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ የአንዱ ፍሬ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በቀን ወይም በሳምንት ስንት ፍሬ እንደሚወሰድ፣ ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ) ከተጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ የማይስማማውን መድኃኒት፣ የካርድ ቁጥሩንና የመጨረሻውን የደም ምርመራ ቀን አስፍሩ። «ቢጫዋ ክኒን» የሚል መግለጫ አይሠራም፤ ፋብሪካው ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል።

ከወረቀቱ ግርጌ ሦስት ጥያቄዎች ጻፉና በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ በራሱ እጅ እንዲመልሳቸው አድርጉ። ትኩሳት ከመጣ ፕሬድኒሶሎኑ ስንት ይሁን? የትኛው መድኃኒት ለጊዜው ይቁም? ክኒኑን ካስታወከው የት እንሂድ? ዋጋ ያለው ይሄ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትኩሳት ሲነሳ የሚጠየቅ ሐኪም አይገኝም።

ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከመድኃኒቱ ጋር፣ ሌላው በጤና መድን ደብተሩ ውስጥ። በስልክ ፎቶ ማንሳቱም ጥሩ ነው፤ ግን ኔትወርክም ባትሪም በሚያስፈልግበት ቀን ነው የሚጠፋው።

2. ክኒን መቁጠር

በየወሩ አንድ ቀን ቁጠሩ። ለምሳሌ ባለ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን በቀን ሁለት ፍሬ የሚወስድ ሰው ለወር 60 ፍሬ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ 28 ፍሬ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ88 ፍሬ በታች ይዞ ወር መጀመር የለበትም። መከላከያውን የሚያረግበው ሜቶትሬክሴት ባለ 2.5 ሚሊግራም በሳምንት 6 ፍሬ ከሆነ የስምንት ሳምንቱ 48 ነው። በየወሩ ከሚጻፍ ማዘዣ የሁለት ወይም የሦስት ወር ማዘዣ ይሻላልና ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። ሰው መጨናነቅ በሚፈራበት ጊዜ ሐኪሙም ይህን አይጠላውም።

የክረምቱን ነገር አትርሱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ ይሞላል፣ የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። ከዋናው መንገድ የራቀ ቤት መጠባበቂያውን በግንቦት መጨረሻ መሙላት አለበት። የጤና መድን እድሳትም እንዳያልፍ። በመድን የሚታከም ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር መሄድ ይጠበቅበታልና የሪፈሩ ወረቀት ጊዜው እንዳላለፈ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ደጃፍ ደርሶ በወረቀት ጉድለት መመለስ የአንድ ቀን ድካም ብቻ አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሰው በታጨቀበት መኪና መሳፈር ማለት ነው። መድኃኒቱ ከተቋሙ ካለቀ «የለም» የሚል ማኅተም በማዘዣው ላይ አስመቱ፤ ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝም ያዙ። ተመላሽ የሚጠየቅ ከሆነ ያለዚህ አይሆንም።

ክኒኑ ከምድጃና ከጭስ ርቆ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ክሎሮኪን በጥቂት ፍሬ እንኳ ትንሽ ልጅን ሊገድሉ ይችላሉ።

ኢንሱሊን ለብቻው ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ብዙውን ጊዜ አራት ሳምንት ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ደብረ ማርቆስና ደጋው ላይ ጥላ ያለበት መደርደሪያ ይበቃል። በዓባይ በረሃ ግራና ቀኝ ለሚኖር ሰው ግን ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ፣ መሐሉን በአሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ ነው። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ክተቱት፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ቀዝቀዝ ማለቱ ይበቃል፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤትም በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳያስገባው ንገሩት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም፣ ይጣላል።

3. መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ማወቅ

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ብለን እንቆይ።

ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም። ከአራት ሳምንት በላይ የወሰደው ሰው ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ቅመም ማምረት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ሲቋረጥ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ያጥወለውለዋል፣ ያስታውከዋል፣ ይዝላል፤ ሊሞትም ይችላል። «መከላከያ ያዳክማል አሉ፤ ኮሮና እስኪያልፍ ይቅርብህ» የሚል ዘመድ ካለ ይህን አንብቡለት። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ በደረጃ ይቀንሰዋል። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት ምግብ ተበልቶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የወሰደው ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ሜቶትሬክሴት የሳምንት መድኃኒት ነው። በየቀኑ ከተወሰደ የደም ሴል የሚሠራበትን መቅኔ ያደርቃል፣ አፍ ያቆስላል፣ ይገድላል። ስሕተቱ የሚመጣው አዲስ አስታማሚ ሲተካ ወይም መድኃኒት ቤቱ ላስቲኩ ላይ በልማድ «በቀን» ብሎ ሲጽፍ ነው። መፍትሔው ቀኑን ከማይረሳ ነገር ጋር ማሰር ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ማንም አይዘነጋውም። ከእሱ ጋር የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ (ቪታሚን ነው) ደግሞ በሌላ ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞ አድርጉት። የሜቶትሬክሴቱ ማሸጊያ ላይ «እሑድ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ጉበትን ስለሚነካ አረቄና ጠላ ከእሱ ጋር አይሄዱም። ለነፍሰ ጡርም ሆነ ለማርገዝ ላሰበች ሴት አይሰጥም። የደም ቆጠራና የጉበት ምርመራ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ያስፈልጋል። ሆስፒታሉ ርቆ ከሆነ በአቅራቢያ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አስመርምሮ ውጤቱን ለሐኪሙ በስልክ መንገር ይቻላል።

ለሽንት ሕመም ወይም ለተቅማጥ በብዛት የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል፣ አንዳንዱ ባክትሪም የሚለው፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር አይገናኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መቅኔውን ይመቱታል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ያ አንድ ገጽ ወረቀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከሱቅ ገዝቶ የሚዋጥ ዲክሎፌናክም ኩላሊት ላይ ይበረታል፤ በተለይ ኩላሊቱ በሉፐስ ለተነካ ሰው።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከሰውነት የሚወጣው በሳምንታት ነው። ስለዚህ አሥር ቀን ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ፈልጉ እንጂ። ግን ለወባ የሚሰጠውን ክሎሮኪን «ያው ነው» ብላችሁ አትተኩ፤ መጠኑ ይለያል፣ ዓይንንም የበለጠ ይጎዳል።

ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን ለሚያስፈልገው የኮሮና ሕመምተኛ ሕይወት እንደሚያተርፍ በ2012 ሰኔ ታወቀ። ኦክስጅን የማያስፈልገውን ግን አልረዳም። ከፕሬድኒሶሎን ጋር አንድ ዘር ሲሆን በብርታት ይበልጠዋል፤ 6 ሚሊግራሙ ወደ 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይሆናል። በራስ ፈቃድ መደረብ አያስፈልግም።

ስለ ፌጦ፣ ስለ ዳማከሴና ስለ ነጭ ሽንኩርት አንድ ነገር ብቻ። «አቅም ይጨምራል» የሚባለው ምክር ለዚህ ሕመም የተገላቢጦሽ ነው፤ ችግሩ መከላከያው ማነሱ ሳይሆን አቅጣጫ መሳቱ ነውና። ምግብ ላይ ያለው ሽንኩርት አይጎዳም። ያልታወቀ ቅጠል ጨምቆ ከሜቶትሬክሴት ላይ መጠጣት ግን ጉበት ላይ መፍረድ ነው።

4. ጠያቂ፣ ለቅሶና ቅዳሴ

በጎጃም የታመመ ሰው አለመጠየቅ ነውር ነው። «አትምጡ» የሚል መልእክት ቅሬታ ያመጣል እንጂ አይሠራም። የሚሠራው ጥየቃውን ወደ ደጅ ማውጣት ነው። ወንበር ወይም መደብ ከበሩ ውጭ፣ ከታማሚው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ይሁን። የሉፐስ ሕመምተኛ ፀሐይ ይቀሰቅስበታልና በዛፍ ጥላ ወይም በረንዳ ላይ ባርኔጣ አድርጎ ይቀመጥ። የሚቀበል አንድ ሰው መድቡ፤ ቃሉም ይዘጋጅ፦ «እትዬ፣ ስለመጡልን እግዜር ያክብርልን። ሐኪሙ ሰው እንዳትጠጋ አዟታል፤ እዚሁ ደጁ ላይ ይቀመጡልን፣ ቡናውም እዚሁ ይመጣል።» ምክንያቱ ሐኪም ሲሆን ማንም አይቀየምም። ስኒው ለየራስ ይሁን፤ ጉርሻውና መሳሳሙ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ለቅሶ ከሁሉ ይከብዳል። ሰው በታጨቀበት ድንኳን ከሰዓታት በላይ መቀመጥ ለታማሚው አይሆንም። ለዕድሩ ዳኛ አስቀድማችሁ ንገሩና ከቤቱ አንድ ሰው ይወክለው። ያ ሰው ሲመለስ እጁን ይታጠብ፣ ልብሱን ይለውጥ፣ ለአምስት ቀን ያህል ከታማሚው ጋር ሲቀመጥ ጭምብል ያድርግ። ቅዳሴውን ከቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ መከታተል ይቻላል። ጠበል ከሆነ ሰው ከማይበዛበት ሰዓት ተቀድቶ በንጹሕ ጀሪካን ወደ ቤት ይምጣ። ጠበሉ መድኃኒቱን አያስቆምም፤ «ወይ ይሄ ወይ ያ» የሚል ካለ ጉዳዩ ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ ይወራ። ጾሙም እንደዚሁ። ጠዋት በልቶ መድኃኒት መዋጥ ያለበት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለበትም፤ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። የጾም ምግቡ በራሱ ችግር የለበትም። ፕሬድኒሶሎን አጥንት ስለሚያሳሳ ሰሊጥና ጎመን ይብዛ፣ ጨው ይቀንስ።

ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ወይም በርና መስኮት አንድ ላይ ይከፈቱ፤ አንዱን ብቻ መክፈት አየሩን በደንብ አያንቀሳቅሰውም። ምድጃው ከመኝታው ይለይ። ለታማሚው ለብቻው የሚተኛበት ክፍል ከሌለ አንዱ ራስጌ ሌላው ግርጌ አድርገው ይተኙ። የሚነካካ ነገር ለመጥረግ ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና አንድ እጅ በ49 እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ላይ ውኃ ጨምሮ አንድ ሊትር መሙላት ነው። የተበረዘው በማግስቱ ይደፋ፤ ኃይሉን ያጣል። ለእጅ ሳሙና ይበቃል። አረቄ ለእጅ ማጽጃ አይሆንም፤ ቢያንስ 60 ፐርሰንት አልኮል ያስፈልጋል፣ ዳግም አረቄ እንኳ እዚያ አይደርስም።

5. ጉዞ

የሚቀር ከሆነ ይቅር፤ ስልክ ደውሉ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግፊትና ሙቀት ትለካ። የማይቀር ከሆነ የንጋቱን የመጀመሪያ መኪና ያዙ፣ በመስኮት በኩል ተቀመጡ፣ መስኮቱም ይከፈት። ጭምብሉ አፍንጫን ይሸፍን፤ ሽቦው ተጫኖ አፍንጫ ላይ ካልገጠመ ጥቅሙ ግማሽ ነው። የመንገዱን መድኃኒት ከሻንጣ ሳይሆን ከኪስ አድርጉ፤ የሦስት ቀን ትርፍም ያዙ። አንድ ሰው ብቻ ይከተል።

6. ክትባት

ኢትዮጵያ የኮሮና ክትባት መስጠት የጀመረችው በመጋቢት 2013 ነው። የኮሮና ክትባቶች ሕያው ቫይረስ የለባቸውም፤ ስለዚህ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይሰጣሉ፤ ተጨማሪ መጠንም ይታዘዝለታል። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ከሆነ ከክትባቱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይዘለል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች ግን ለእሱ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጡም። በቤት ያሉ ሌሎች ልጆች ሁሉንም ይከተቡ። የፖሊዮ ጠብታ የወሰደ ሕፃን ዳይፐር የሚቀየርለት በሌላ ሰው ይሁን፤ ቫይረሱ ለሳምንታት በሰገራ ይወጣል።

7. ሲታመም

ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ይደብቃል። 38 ዲግሪ እስኪደርስ መጠበቅ ስሕተት ነው። አዲስ ሳል፣ ምግብ አለመሽተት፣ ከወትሮው የተለየ ድካም ካለ ልክ እንደ ትኩሳት ቁጠሩት። የራሱ ሕመም ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ በሚያውቀው ቦታ ነው የሚመጣው፤ ያው ጣት፣ ያው ጉልበት፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰር። ቆላና ወንዝ ዳር ከሆናችሁ፣ ወይም በቅርቡ ወደዚያ ሄዶ ከሆነ፣ የወባ ደም ምርመራ ሳይደረግ ትኩሳቱን ለኮሮና መስጠት አይገባም።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ጤነኛ በሆነበት ቀን ለክታችሁ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ፤ የጮቄ ተዳፋት መንደሮች ደግሞ ከ3,000 በላይ። ከፍታ ሲጨምር ጤነኛም ሰው ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከራሱ ቁጥር ስንት እንደወረደ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ከወረደ ደውሉ፤ ከ90 በታች ከሆነ ወይም አረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያለከልክ ከሆነ ሆስፒታል። ጣቱ ይሙቅ፤ እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበት ጣት ቁጥሩን ሊያዛባው ይችላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ የጻፈውን ተከተሉ። በተለምዶ ሜቶትሬክሴትና አዛታዮፕሪን (ሌላው መከላከያ የሚያረግብ ክኒን) ኢንፌክሽኑ እስኪያልፍ ይቆማሉ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይቀጥላል፣ ፕሬድኒሶሎን አይቆምም፤ አነስተኛ መጠን የሚወስድ ከሆነም ለጊዜው እጥፍ ይደረጋል። ፕሬድኒሶሎኑን በዋጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስታወከ ይድገም። ድጋሚ ካስታወከ መጠበቅ የለም፤ ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ፣ ለአዋቂ 100 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ይህ መርፌ ለአስምም ስለሚሰጥ ጤና ጣቢያ ላይ ሊኖር ይችላል። ምን እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ «ፕሬድኒሶሎን ለዓመት ወስዷል፤ ዛሬ ክኒኑ ሆዱ ውስጥ አልቆየለትም፤ የሃይድሮኮርቲዞን መርፌ ያስፈልገዋል» ማለት ይበቃል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባይበላም ኢንሱሊኑን አያቁም። በየአራት ሰዓቱ ስኳሩን ለኩ፣ ውኃ ይጠጣ። ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ፣ ሆዱን ከቆረጠው ወይም በጥልቀት ከተነፈሰ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከዳነ በኋላ የቆመው መድኃኒት የሚመለስበትን ቀን ሐኪሙ ይወስን፤ ብዙ ጊዜ ምልክቶቹ ከጠፉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። እጥፍ የነበረው ፕሬድኒሶሎንም ወደ ቀድሞው ልክ ይመለስ። ይህ ተረስቶ ለወራት በእጥፉ የሚቀጥል ብዙ ነው። የቆመበትንና የተጀመረበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ አሮጌው መጠን ላይ አንድ ሰረዝ አድርጉበት እንጂ አትፋቁት፤ የሚቀጥለው ሐኪም ማየት ይፈልጋል።